የአባቴ ቴስታታ

አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ ቮልሱ ነው። ወንድሞቼ አልተጣሉኝም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ማን ይፈልጋል ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ መኪና? እኔ ግን ወደድኩት። ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ነዳሁት። ከዚያ ዳገት ላይ መንገብገብ ጀመረ፣ ሲሞቅ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ያሰማ ጀመር። በመጨረሻ ደግሞ ቁልፉን ነቅዬ ከወረድኩ በኋላ እንኳ ሞተሩ ብቻውን መንተክተኩን አልተው አለ። ሰፈር ውስጥ ሳቁብኝ። «ባለቤትሽ ጠፋች በሉት፣ አልሰማም ብሏል» አሉኝ።

ጋራዥ ወሰድኩት። ሞተሩ ወርዶ ተፈታ። አንዱ ቴስታታ በቫልቩና በካንዴላው ማስገቢያ መካከል ተሰንጥቋል። ሌላ ቴስታታ ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ የተጠየቅኩት ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዜ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለእናቴ ስነግራት ከቡናው ቀና ሳትል «አባትሽ እኮ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ያስቀመጠው ነበር» አለችኝ።

ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ከአሮጌ ምጣድ ጀርባ። ሁለት ቴስታታና አራት ፒስተን። እናቴ እንደምትለው ከደርግ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። ስፈታው ብረት አልመሰለኝም፤ የተቃጠለ ድስት ቂጥ ይመስላል። የቃጠሎ ክፍሉ በጥላሸት ተሸፍኗል። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ከላይ ያለው ጥቁር ሽፋን ተላጠ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ቀለም ወጣ። አመድማ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አመድማ ነገር ነው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን አምጥቶ እንደጨመረው፣ እኔም በርካሽ ላጸዳው ስሞክር ምን እንደገጠመኝ።

ቴስታታ የምንለው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ቴስታታ ጣሊያንኛ ነው፤ ሥሩ «ቴስታ» ነው፣ ራስ ማለት። የሞተሩ ራስ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ አሥር ደቂቃ ብትቆሙ ሳታውቁት ጣሊያንኛ ትማራላችሁ። ካንዴላ ሻማ ነው። ማርሚታ ድስት ነው፣ የጭስ ማውጫው ሆዱ ድስት ስለሚመስል። ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ጎሚስታ። ሁሉም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው።

መኪና ራሱ ኢትዮጵያ የገባው ከጣሊያን ጋር አይደለም። ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቃላቱ ግን በብዛት የገቡት በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከጭነት መኪኖቹና ከመንገድ ሥራው ጋር ነው። ጦሩ ሲሸነፍ ሁሉም ጣሊያን አልሄደም። የቀሩት ብዙዎቹ ጋራዥ ከፈቱ፣ እንጨት ሰነጠቁ፣ ዳቦ ጋገሩ። በእነሱ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ የሚያቀብሉ የእኛ ልጆች ነበሩ። አባቴ አንዱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ፒያሳ አካባቢ ካለ የጣሊያን ጋራዥ ገባ። ሥራው ምን ነበር ብትሉኝ፣ ጥላሸት መፋቅ።

እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ ለትንሹ ልጅ ነው የሚሰጠው። ዋናው ሜካኒክ ይፈታል፣ ይለካል፣ ይገጥማል። መሃል ላይ ያለውን፣ እጅ የሚያቆሽሸውንና ጊዜ የሚበላውን፣ ልጁ ይሠራዋል።

የሚገርመው ቃላቱ ከሰዎቹ በላይ መቆየታቸው ነው። በአባቴ ወጣትነት የአዲስ አበባ ታክሲ ሰይቼንቶ ነበረች፣ ትንሿ ፊያት 600። እሷ ስታረጅ በደርግ ጊዜ ላዳ ተተካች። ራሺያ ሠራሽ መኪና ስትመጣ ራሺያኛ ቃላት ይመጣሉ ትሉ ይሆናል። አልመጡም። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት የጀመረችው በፊያት 124 ንድፍ ነውና። ፋብሪካው የተተከለበት ከተማ እንኳ ቶሊያቲ ይባላል፣ በጣሊያን ኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም። ስለዚህ አባቴ ላዳ ሲፈታ አዲስ ቋንቋ አላስፈለገውም። የሶሻሊዝሙም ሞተር ቴስታታ ነበረው።

አዲስ አበባ ራሷ ጥላሸት ትሠራለች

ጥላሸት ያልተቃጠለ ነዳጅና የተቃጠለ ዘይት ቅሪት ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በቂ አየር ያስፈልገዋል። አየር ሲያንስ ከሰል ይቀራል፤ ምድጃ እፍ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ዘመናዊ መኪና ይህን ይለካና ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራቶር ግን ደንቆሮ ነው። ጀርመን ወይም ቶሪኖ ላይ በተበሳችው ቀዳዳ ልክ ቤንዚኑን ይለቃል፤ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ውጤቱ፣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አሥረኛ ገደማ ይበዛል። የበዛው ቅንጥብጣቢ በቴስታታው ጣሪያ፣ በፒስተኑ አናት፣ በቫልቮቹ አንገት ላይ ይለጠፋል።

ጥላሸቱ ሲወፍር ሁለት ነገር ይሆናል። የቃጠሎው ክፍል ይጠባል፣ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። ከዚያ የጥላሸቱ ጫፍ እንደ ፍም ይግልና ካንዴላው ብልጭ ሳይል በፊት ነዳጁን ያቀጣጥላል። የእኔ ቮልስ ቁልፉ ተነቅሎም የማይተኛው ለዚህ ነው። ውስጡ ፍም ነበረው።

ድሮ ይህ የመኪና ባለቤት ሁሉ ዕዳ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ ድረስ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሞተር ከፍቶ ጥላሸት መፋቅ ዛሬ ዘይት እንደምንቀይረው የተለመደ አገልግሎት ነበር። ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በግቢው ውስጥ ይሠራው ነበር።

የእኛ ጥላሸት ላይ ደግሞ ኑሮም ይጨመርበታል። ቤንዚን ሲወደድ ሰው ምን ያደርጋል? በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ያ አድማ አብዮቱን ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው ግን የዋጋ ንረት ሞተር ውስጥም እንደሚጻፍ ነው። አባቴ ቴስታታ ከፍቶ ዓይቶ «ይሄ ሰውዬ ላምባ ቀላቅሏል» ይል ነበር። ላምባ ያኔ ከቤንዚን ይረክስ ነበር፤ ሲቀላቀል ግን በደንብ አይነድም፣ ጥላሸቱም እንደ ቅባት የሚጣበቅ ይሆናል። «ሰርቪስ ካደረገ ሦስት ዓመቱ ነው» ይላል። ባለቤቱ ሊዋሽ ይችላል፣ ቴስታታው አይዋሽም።

አመድማው ንብርብር

ወደ ከረጢቱ ልመለስ። ጥቁሩን አውቄዋለሁ። አመድማውን ግን አላወቅኩትም። ሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት ሜካኒክ «መሰርሰሪያ ላይ የሽቦ ብሩሽ ግጠሚና ማሽከርከር ነው፣ በሃያ ደቂቃ ታበሪዋለሽ» አለኝ። ተበድሬ ጀመርኩ። ደርቆ የነበረው ነገር ቦነነ። አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፍኜ ነበር፤ ምላሴ ላይ ግን ጣፋጭ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ብሩሹ ደግሞ አልሙኒየሙን መቧጨር ያዘ። ሁለቱም ደስ አላለኝምና አቆምኩ። ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ቶማስ ሚድግሌ የተባለ የጄነራል ሞተርስ ኢንጂነር የሞተርን መንኳኳት የሚያስቆም ነገር አገኘ፤ ቴትራ ኤትል ሊድ ይባላል፣ የእርሳስ ውህድ ነው። በቤንዚኑ ውስጥ ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ሞተሩ ጸጥ ይላል። በ1923 ኦሃዮ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውህዱን ይሠሩ ከነበሩ ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። እርሳስ መርዝ መሆኑ በዚያን ጊዜም አዲስ ወሬ አልነበረም። አማራጭም ነበር፤ ሚድግሌ ራሱ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን መንኳኳትን እንደሚቀንስ ያውቅ ነበር፣ ሞክሮታልም። አልኮልን ግን ማንም ሰው ሊያወጣው ይችላል። የእርሳሱ ውህድ ግን የባለቤትነት መብት ነበረው።

አሁን የሚመጣውን ልብ በሉልኝ፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ነው። እርሳሱ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል አይጠፋም። ቫልቩና ካንዴላው ላይ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። መኪኖች መበላሸት ጀመሩ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላ ኬሚካል ጨመሩ፤ ብሮሚን ያለበት፣ እርሳሱን ይዞ ወደ ጭስነት ቀይሮ በማርሚታው የሚያስወጣ። ሠራም። ሞተሩ ጸዳ። እርሳሱ ግን የት ሄደ? መንገድ ላይ። ትምህርት ቤት አጥር ላይ። የጉልት ቲማቲም ላይ።

ሞተሩ እንዲጸዳ ከተማው ቆሸሸ።

ይህን ለዓለም በግልጽ ካሳዩት አንዱ ክሌር ፓተርሰን ነው። የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ በ1956 ያሰላው ሳይንቲስት እሱ ነው። ለስሌቱ እርሳስ ሲለካ መለኪያው ይበላሽበት ነበር፤ ለካስ እርሳስ በየቦታው አለ፣ በላቦራቶሪው አቧራ፣ በሰው ፀጉር። በ1965 ሰዎች በሰውነታቸው የተሸከሙት እርሳስ ከተፈጥሮው እጅግ የበዛ መሆኑን ጻፈ። ኩባንያዎቹ ተነሡበት። አሜሪካ ለመንገድ መኪና እርሳስ ያለበት ቤንዚን ፈጽማ የከለከለችው በ1996 ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የተላቀቀው እስከ 2005 መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። አዎ፣ 2021። ቲክቶክ ከመጣ በኋላ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አናደደኝ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ የመንኳኳት ዕድልም ይቀንሳል። ማለትም ያው አየር፣ ጥላሸት የሚያበዛብን አየር፣ እርሳሱን ከሌላው ዓለም ባነሰ መጠን እንድንፈልገው አድርጎን ነበር። የድሮ ቮልስ ደግሞ ግፊቱ መጀመሪያም ዝቅተኛ ነው። ቤንዚኑ ግን ባሕር ዳር ላለ መኪና እንደሚቀዳው ሆኖ ነው የመጣው። ያላስፈለገንን ነገር ከፍለን ገዝተን ተነፈስነው።

እፍ

አባቴ ሥራውን ቤት ያመጣ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ፒስተን ይፍቃል፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የሽቦ ብሩሽ አይነካም። «ብረትን በብረት አይፍቁም፣ ልጄ» ይለኛል። ከወይራ እንጨት የጠረበው ስለት ነበረው። ሲፍቅ ሲፍቅ ይቆይና ዱቄቱን በአፉ እፍ ይላል። አንዳንዴ ለእኔ ያቀርብልኛል፤ «በይ አንቺ እፍ በይው» ይላል። እፍ እላለሁ። ይስቃል፣ እስቃለሁ። ከልጅነቴ ደስ የሚለኝ ትዝታ ይህ ነው።

አባቴ በደም ግፊትና በኩላሊት ነው ያረፈው። እርሳስ ሁለቱንም ይጎዳል። ሁለቱም ደግሞ እርሳስ ነክቶ በማያውቅ ሰው ላይ ይመጣሉ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ሐኪም አይደለሁም።

ለእናቴ ግን አፌን መግታት አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቱታውን እኮ ከእናንተ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ነበር የማጥበው» አለች። «እማዬ፣ ማን ነግሮሽ?» አልኳት። «ማንም» አለች። ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምነው ባልነገርኳት ብዬ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ። ደግሞ አንዳንዴ ስለእሷ ሳይሆን ስለዚያ «ማንም» ስለሚለው ቃል አስባለሁ። ኦሃዮ የሚያውቁ ነበሩ። ኒው ጀርሲ የሚያውቁ ነበሩ። ፒያሳ ላለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነገረው ማንም አልነበረም።

በርካሽ እንዴት ይጸዳል?

መኪናው ግን መሠራት አለበት፣ ገንዘብ የለኝም። ስለዚህ የአባቴን ዘዴ ያዝኩ፣ እፍታውን ብቻ ትቼ።

ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ አሮጌ ሜካኒክ አማከርኩ። «ጋሼ፣ ኮስቲክ ሶዳ ልጠቀም?» ስላቸው ደነገጡ። «ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ ልጄ! ኮስቲክ ጥላሸቱን ሳይሆን ቴስታታውን ነው የሚበላልሽ። ለብረት ቫልቭ ይሁን፣ ለዚህ ግን በፍጹም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ያሟሟል፣ ሲያሟሟም በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ኮምጣጤም የዝገት እንጂ የጥላሸት መድኃኒት አይደለም። እሳቸው ያሉኝ ይህን ነው፤ ላምባ፣ ጊዜና እንጨት።

ቴስታታውንና ፒስተኖቹን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ላምባ ሞልቼ ዘፈዘፍኩ፣ ከቤት ውጪ፣ ከከሰል ምድጃ ርቄ። ሦስት ቀን አልነካሁትም። ላምባ ጥላሸትን አያሟሟውም፤ በውስጡ ያለውን የደረቀ ዘይት ነው የሚያላላው፣ ከዚያ ቅርፊቱ መሠረት ያጣል። በአራተኛው ቀን ጓንትና ደህና ጭምብል አድርጌ፣ የአባቴን የወይራ ስለት ይዤ ተቀመጥኩ። ደረቅ ነገር አልነካሁም። እየራሰ፣ እየጠረግሁ፣ ጨርቁን እየጣልሁ። እርሳስ የሚጎዳው ሲቦንና እጅ ላይ ቀርቶ ወደ አፍ ሲገባ ነው፤ ርጥብ ሆኖ ግን አይቦንም።

የፒስተኑ ሪንግ የሚቀመጥበትን ቦይ ለማጽዳት ልዩ መሣሪያ ይሸጣል፤ አሮጌ ሪንግ ሰብሮ በስባሪው መፋቅ ግን ነጻ ነው፣ ልኩም ያው ነው። የፒስተኑን አናት ስጠርግ ጋሼ የነገሩኝን አደረግሁ፤ ዳር ዳሩን አንድ ቀጭን የጥላሸት ቀለበት ተውኩ። የድሮ ባለሙያዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ ያ ቀለበት ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዛል ብለው። በመጨረሻ ሁሉንም በሙቅ ውኃና በኦሞ አጠብኩ። ልብሴን ለብቻው። በሌላ ሳፋ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ያወጣሁት ለላምባ፣ ለኦሞ፣ ለጓንትና ለጭምብል ነው። የምሳ ዋጋ ነው፣ የሦስት ወር ደመወዝ አይደለም። ቫልቮቹን ጋሼ አስተካክለው ገጠሙልኝ፤ ገንዘብ ስሰጣቸው «የአባትሽ እጅ እዚህ ላይ አለ» ብለው ግማሹን መለሱልኝ። ቮልሱ አሁን ይሄዳል። ቁልፉን ስነቅል ይተኛል።

የቀረኝ አንድ ችግር ነው። የፈቅሁት ዝቃጭ፣ ጨርቁና ላምባው። ቦይ ውስጥ ልደፋው አልቻልኩም፤ ሚድግሌና ጓደኞቹ ያደረጉት እሱን አይደል? ከእኔ ይራቅ እንጂ የትም ይሂድ። ስለዚህ ክዳኑ በሚጠብቅ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አሽጌ፣ «እርሳስ፣ አይከፈት» ብዬ ጽፌበት ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት፣ ቴስታታው ከነበረበት ከምጣዱ ጀርባ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቆራሌው እየጮኸ በበራችን ያልፋል። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሳንቲም ይወዳል። ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮውን አቅፎ እየሮጠ ሲወጣ ደረስኩበት። አቧራ ስለነበረው ክዳኑን ሊያጸዳው አፉን አሞጥሙጦ ነበር። እጄን አፉ ላይ አደረግሁ። ደነገጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ምንም አላጠፋህም አልኩት። አጠገቤ አስቀመጥኩትና ነገርኩት።